ላለመጠየቅ የተላኩ ሽማግሎች

ወንዳወቅ በማርኬቲንግ ተመርቆ ፍኖተ ሰላም ላይ ፎቶ ኮፒ ያነሳል። ትሕትናን ያወቃት ስልኳን እንደ ታመመ ጫጩት በሁለት እጇ ታቅፋ ሱቁ የገባች ቀን ነው። ቡሬ ላይ የሙሽራ ቀሚስ ሰፊ ናት።

«ፌስቡክ፣ ቴሌግራም ወይስ ቲክቶክ? ቀሚሶቼን የማስተዋውቅበት አንዱን ምረጥልኝ» አለችው። «ሦስቱንም ልያዝ ብል መቼ ልሰፋ ነው?»

ቀና ብሎ ዓይኗን አየና የተማረው ሁሉ ጠፋበት። እንደምንም ራሱን ሰብስቦ አስረዳት። ፌስቡክ ላይ ያሉት የሙሽሮቹ አጎቶች ናቸው፤ ከፎቶ ሥር «ነፍስ ይማር» መጻፍ ስለለመዱ ለቀሚስም ይጽፋሉ። ቴሌግራም ላይ የሚከተሏት ድሮም የሚያውቋት ብቻ ናቸው። ለመዳር የደረሱት ልጃገረዶች ያሉት ቲክቶክ ላይ ነው።

ምክሩ ትክክል ነበር። ጉዱ የመጣው ትክክል በመሆኑ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ እየሄደ ይቀርጽላት ጀመር። የተሰቀለ ቀሚስ ማንም ዞሮ አላየውም። ራሷ ለበሰችው፤ ብቻዋን ስትቆም ደግሞ ሙሽራው የቀረባት መሰለች። ስለዚህ ለወንዳወቅ ካባ ደርባለት አጠገቧ አቆመችው።

«ጠጋ በል እንጂ፣ ቀሚሱ አይናከስም» አለችው።

ጠጋ አለና እጇን ያዘ። ቀረጻው ካለቀ በኋላም አልለቀቀም። እሷም አላስለቀቀችውም። ስለዚህ ነገር ግን ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም።

ቪዲዮው አገር አዳረሰ። ከዱርቤቴም ከሽንዲም ትእዛዝ ጎረፈ። ከሥሩ የተጻፈው ግን ሁሉ «እንኳን ደስ አላችሁ» ነበር። አንድ ዘመድ ገበዘ ማርያም ከተማ ላሉት አባቷ ለአቶ ዘሩ አሳያቸው። ሽማግሌ ሳይላክ፣ ምርቃት ሳይሰጥ ልጃቸው ካባ ከለበሰ ሰው ጋር ቆማ እየሳቀች!

«አባቴ በሀፍረት ከቤት መውጣት ትቷል» አለችው ትሕትና በስልክ። «ሱቁን ዘግተሽ ነይ ብሎኛል። አንተ አንድ ነገር አድርግ።»

 ምን እንደምትጠብቅ ግልጽ ነበር፤ ለወንዳወቅ ካልሆነ በቀር። እሱ አሁን ልጠይቃት ቢል በቪዲዮ አጥምዶ እጇን የጠመዘዛት መስሎ ታየው። ቪዲዮውን ላጥፋው ቢል ሰው ሁሉ ገልብጦ ለጥፎታል። ቢጨንቀው መሪጌታ ይርሳውን ከሁለት ሽማግሎች ጋር ለመነ። ማስታወቂያ ነው፣ በልጆቹ መካከል ምንም የለም ብለው ለአቶ ዘሩ እንዲያስረዱለት።

መሪጌታ ግራ ገባቸው። «እኔ ልጅቷን ስጡን እያልኩ ደጅ ስጠና ነው የኖርኩት» አሉት። «አንፈልጋትም በሉልኝ ብሎ የላከኝ የለም።»

«አንፈልጋትም አይደለም፣ አባ። ስሟን አድኑልኝ ነው የምለው።»

ሄዱ። ደግሞ የሄዱት እንደለመዱት ነው፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ካልተፈቀደልን አንቀመጥም ብለው ደጅ ቆሙ። አቶ ዘሩ ፊታቸው በራ። ጎረቤት ጠሩ። ልጃቸውን አስመጡ። ትሕትና ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ጸጉሯን አስተካከለች።

ከዚያ መሪጌታ የተላኩበትን ተናገሩ።

 አባት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወደ ልጃቸው ዞረው በእርግጥ ምንም የለም ወይ ብለው ጠየቁ። ምን ትበል?

«የለም» አለች።

ወንዳወቅ ይህን የሰማው ከመሪጌታ አፍ ነው። በመጀመሪያው ሚኒባስ ቡሬ ደረሰ። ትሕትና ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም።

«ስምሽን ላድን ብዬ ነው...»

«ሽማግሌ መጣ ሲባል እናቴ እልል ልትል ነበር» አለችው። «ሽማግሌ ልከህ አልፈልጋትም ያስባልክ አንተ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።»

«እንደገና ልላክ። በደንብ ልጠይቅሽ።»

«አባቴ ሱቁን የተወልኝ በዚያ ቃሌ ነው። አሁን ነበረ ልበለው እንዴ? በጎረቤቱ ፊት ዳግም አላዋርደውም።»

«ትወጂኝ ነበር?»

መኪናው ቆመ።

«ትጠይቀኛለህ ብዬ ነበር» አለች። ከዚያ መኪናው እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ።

መሪጌታን ቢለምን፣ እግራቸው ሥር ቢወድቅ፣ የለም ባልኩበት አፌ አለ አልልም አሉት። ሌሎቹም እሳቸው ያልገቡበትን አንገባም አሉ። በዓመቱ አንድ የሽንዲ አስተማሪ በወጉ ሽማግሌ ላከ። ትሕትና የራሷን ቀሚስ ሰፍታ ተዳረች።

ያ ቪዲዮ ግን ዛሬም ከስልክ ስልክ ይዞራል። ባለፈው ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አንዲት የማያውቃት ሴት ከአውቶቡስ መስኮት ብቅ ብላ አየችውና በደስታ ጠራችው።

«ሙሽራው! ሙሽሪት እንዴት ናት?»

ወንዳወቅ ሊያስረዳት አፉን ከፈተ። ማስታወቂያ ነው፣ በመካከላችን ምንም የለም ሊል። አልቻለም።

«ደህና ናት» አላት። «እግዚአብሔር ይመስገን።»