በጥጥ የታበሰችው ሰሌዳ

ሽማግሌው መምህር የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ሲወድቁ የሻይ ትሪያቸውን ገልብጠውታል። ሐኪሙ ብርጭቆውን አሽትቶ መርዝ እንዳለበት ተናገረ።

«ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ፤» አለች ተማሪያቸው፣ ማንም ሳይጠይቃት። ፖሊሱ ካቴናውን ከወገቡ ፈታ።

«ቆይ እስቲ፤» አለችው መርማሪዋ። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ነጭ ጨርቅ ላይ ነበር። ሻይ ሁሉንም አርሶታል፤ መሀሉ ላይ ግን መዳፍ የምታህል ንጹሕ ቦታ ቀርታለች።

መምህሩ ዕድሜያቸውን የፈጁት ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የጠፋ ሕዝብን ቋንቋ በማንበብ ነው። ከዚያ ሕዝብ የቀረው በሸምበቆ ጫፍ የተጻፈባቸው የጭቃ ሰሌዳዎች ብቻ ናቸው፤ እሳት ስላልነካቸው ውሃ ያገኛቸው ዕለት ይሟሟሉ።

ሚስታቸው ዓይኗ ደርቋል። ባሏ ሰሌዳዎቹ የሚቀመጡበትን የቁም ሣጥን ቁልፍ ቤት ረስቶ ስለወጣ ልታደርስለት መጥታ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። «ትዳሩ ከጭቃው ጋር ነበር፤ እኔ ጎረቤቱ ነበርኩ፤» አለች።

የአርባ ዓመት ባልንጀራቸው፣ የዚያ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ደራሲ፣ ጠዋት ለመምህሩ ቁም ሣጥኑን እሳቸው ዘንድ ባለው ሁለተኛ ቁልፍ ከፍተውላቸው እንደሄዱና ሻይ ሲመጣ እንዳልነበሩ አስረዱ። ተማሪዋ ደግሞ መምህሩ የያዟት አዲስ ሰሌዳ የመዝገበ ቃላቱን እኩሌታ ውድቅ እንደምታደርግ እንደነገሯት ተናገረች።

መርማሪዋ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሻዩ ሲፈስ ሰሌዳዋ እዚህ ነበረች፤ ንጹሑ ቦታ የእሷ ነው። አሁን ግን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ናት፤ የነኳት ሁለት ጠብታዎችም በጥጥ ታብሰዋል። ስለዚህ ሰውየው ሲወድቅ አጠገቡ ሌላ ሰው ነበረ፤ እሱን ትቶ ሰሌዳዋን ያነሣ። ከዚያም ቆለፈባት። ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ እመቤቲቱ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ እሷ ግን የደረሰችው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው።»

ባልንጀራው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ብትሟሟ ኖሮ መጽሐፍዎ ይተርፍ ነበር፤ እርስዎም ሻይ ሲመጣ አልነበርኩም እንዳሉ ይቀሩ ነበር። ታዲያ ለምን አነሷት?»

ባልንጀራው ቁልፋቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«መርዙን ስጨምር አላመነታሁም፤» አሉ። «ሻዩ ወደ ሰሌዳዋ ሲሄድ ሳይ ግን አልቻልኩም። እነዚያ የጠፉት ሰዎች ሌላ አፍ የላቸውም።»

ፖሊሱ ይዟቸው ወጣ። ሚስትየዋ ከቦርሳዋ የባሏን ቁልፍ አውጥታ ለተማሪዋ ዘረጋችላት።

«ሰሌዳዋ ምን እንደምትል አንብበሽ ትነግሪኛለሽ፤ እኔ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።»