በር ላይ የቆመው ፍቅር

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ አምስት ቀን፣ ለትንሣኤ በዓል ስድስት ቀን ሲቀረው፣ የኦሃዮዋ ኮለምበስ ገና አልነጋላትም ነበር፤ አገረ ገዥው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ ካወጁ ሦስት ሳምንት ሆኖ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ የሚሸሽበት ዘመን ነበር። ጸሎት ግን አልተዘጋም። የአማርኛ ተናጋሪዎቹ የወንጌል ጉባኤ በየማለዳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በስልክ መስመር ይሰበሰብ ነበር፤ አንዱ ከአልጋው ላይ፣ ሌላው ከዌርሃውስ ፓርኪንግ፣ ሌላዋ ልጇን እያጠባች።

የዚያ መስመር መምህር ሽማግሌ ቶሎሳ ነበሩ፤ በብሌንደን ታውንሺፕ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ስድሳ አንድ የሆነ፣ ድምፃቸው ግርማ ያለው፣ ሲያስተምሩ ማዕረግ የሚወዱ ሰው። ያን ሰሞን ስለ አራቱ የፍቅር ዓይነቶች ያስተምሩ ነበርና በግሪክ ስማቸው እየጠሩ እንደ ቤተ መንግሥት ሹማምንት ደርድረዋቸዋል፤ ለጠላት ሳይቀር የሚሰጠውን አጋፔን በዙፋን ላይ አስቀመጡት፤ የወዳጅነቱን ፊሊያን ራስ፣ የቤተ ዘመዱን ስቶርጌን ደጃዝማች አሉት። የባልና የሚስቱ ኤሮስ ተራ ሲደርስ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "እሱስ በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ነው፤ እንለፈው" አሉ። እኔን ብትጠይቁኝ አፍረው ነው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ወሰንየለሽ ይህን ትምህርት ሻንጣቸውን እያዘጋጁ ነበር የሰሙት። ከሚነርቫ ፓርክ ማዶ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገሉ ሴት ናቸው፤ በሽታው ከውጭ እንዳይገባ ስምንት ሠራተኞች አንድ ወር ሙሉ እዚያው ሊያድሩ ወደው ሲፈርሙ፣ አንዷ እሳቸው ሆኑ። የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መግባት ነበረባቸው። መሄዱን ቆርጠውበታል፤ የከበዳቸው ከባላቸው ጋር ተኳርፎ መሄዱ ነው። ከገቡ በኋላ መውጣታቸውን ማን ያውቃል? በሠላሳ ዓመት ትዳር ቶሎሳ አንድም ቀን "እወድሻለሁ" ብለዋቸው አያውቁም፤ ያን ቃል ሳይሰሙ መሄዱ አንገበገባቸው።

የጽሞና ጸሎት ሰዓት ደረሰ። "አሥር ደቂቃ በግል እንጸልያለን፤ ሁላችሁም ኮከብና ስድስትን ተጭናችሁ ድምፃችሁን ሚውት አድርጉ" አሉ ሽማግሌ ቶሎሳ። እሳቸውም ተጫኑ። ጠንቃቃ ሰው ናቸውና ለማረጋገጥ አንድ ጊዜ ደግመው ተጫኑ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንደሚሽር የነገራቸው የለም። ስልኩን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኑረው ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

"አትሄጂም ብያለሁ!"

"ፈርሜያለሁ፤ አሮጊቶቹ ይጠብቁኛል።"

"ወጣት ጠፍቶ ነው? አንቺ ራስሽ ደም ብዛት አለብሽ!"

"አጋፔ ራስን አሳልፎ መስጠት ነው ብለህ ያስተማርከው ለሰው ሚስት ነው እንዴ?"

"እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ!"

ወሰንየለሽ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጡት። "እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔን በየትኛው ነው የምትወደኝ?"

"በአጋፔ ነዋ! በትልቁ!"

"እሱንማ ለጠላትህም ትሰጠዋለህ። ሠላሳ ዓመት አብሬህ ኖሬ የጠላት ድርሻ ነው የደረሰኝ?"

ያን ጊዜ ከስልኩ ውስጥ የልጃቸው የሐዊ ድምፅ ጮኸ፤ ከባሏ ጋር እዚያው ኦሃዮ፣ ደብሊን ትኖራለች፣ ከመስመሩም አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። "ዳዲ! ዩ አር ኖት ሚውትድ! ዳዲ፣ ኤቭሪዋን ካን ሂር ዩ!"

ወዲያው የጉባኤው አንጋፋ እናት፣ እትዬ እናናዬ፣ "ዝም በይ አንቺ! ይመልስላት እንጂ!" ሲሉ ተሰሙ።

ስድሳ ሦስት ሰው ጆሮውን አቁሞ ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌው ግን ፊታቸው ደም መስሎ ስልኩን ዘጉት። ወሰንየለሽ ጥቂት ጠብቀው ሻንጣቸውን አነሡና ወጡ።

የዚያን ቀን ሽማግሌ ቶሎሳ ሽሮ አሳረሩ፤ የደም ብዛት ኪኒኗን ይዛ ይሆን ወይ እያሉ መሳቢያውን ሦስት ጊዜ ከፈቱ። በማግስቱ በአሥር ሰዓት መጦሪያው ደጅ ተገኙ። መግባት ክልክል ነውና ሣሩ ላይ፣ ሚስታቸው በሚሠሩበት ክፍል መስኮት ፊት ቆሙ፤ ወሰንየለሽም ጭንብላቸውን እንዳደረጉ በመስታወቱ ውስጥ አይተዋቸው ስልክ ደወሉ። "ምን ሆነህ መጣህ?" ቢሏቸው፣ "ኪኒንሽን ይዘሻል ወይ?" ብቻ ብለው ተመለሱ። እንዲህ እየሆነ አምስት ቀን ተመላለሱ። ማለዳ ማለዳ ግን በመስመሩ ላይ ድምፃቸው አልተሰማም፤ ታመሙ እንዴ ተብሎ ነበር።

የትንሣኤ ዕለት ጉባኤው ከረፋዱ በአራት ሰዓት ተጠራ። ሽማግሌ ቶሎሳ የሠርጋቸውን ሱፍ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ስልካቸውን ይዘው ከመስኮቱ ፊት ሣሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ወሰንየለሽም ከመስታወቱ ወዲያ ሆነው በዚያው መስመር ገብተዋል።

"ወገኖቼ፣ ዛሬ ሚውት አላደረግሁም፤ አውቄ ነው" ሲሉ ጀመሩ። "ባለፈው ሰኞ ሁላችሁም እየሰማችሁ ጥያቄ ተጠይቄ፣ ሳልመልስ ስልክ ዘግቻለሁ። ያን ፍቅር ዘበኛ ነው ብዬ አቃለልሁት፤ ይኸው እሱው ይዞኝ መጥቶ አምስት ቀን ደጅ አቆመኝ። እሱንም የሠራው ያው እግዚአብሔር ነው፤ ማፈሬ ስሕተት ነበር።" ከዚያ ወደ መስታወቱ ቀና አሉ። "ወሰኔ፣ እወድሻለሁ። እንደ ጠላቴ አይደለም፤ እንደ ሚስቴ ነው። አትሂጂ ያልሁሽም ስለ ፈራሁ ነው። ያላንቺ ቤቱ ቤት አይሆነኝም።"

ወይዘሮ ወሰንየለሽ እንባቸው ጭንብላቸውን አረጠበው። "ይህን ለማለት ሠላሳ ዓመት?" አሉ እየሳቁ። "ዛሬስ ኪኒኔን አልጠየቅኸኝም!" እትዬ እናናዬ እልልታውን አቀለጡት፤ ሌላውም ተከተለ፤ በመስመሩ ላይ ለጥቂት ደቂቃ መደማመጥ ጠፋ።

በዚያ ክፍል ሚስ ሎይስ የሚባሉ የዘጠና አራት ዓመት አሮጊት ተኝተው ነበር፤ ልጅ የላቸውም፣ ትውስታቸውም ከድቷቸዋል። ሱፍ የለበሰውን ሰው በመስኮት ሲያዩ ከትራሳቸው ቀና አሉ። "ሄንሪ! ሄንሪ መጣ!" እያሉ እጃቸውን ያወዛውዙ ጀመር። ሄንሪ ከሃያ ዓመት በፊት የሞተ ባላቸው ነው።

"ባሏ መስለሃታል" አሉ ወሰንየለሽ በስልኩ። "እባክህ እጅህን አንሣላት።"

ሽማግሌ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ለንግሥት እንደሚደረገው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። አሮጊቷ እንደ ልጃገረድ ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በአሥር ሰዓት መጡ፤ ሚስታቸው በሌላ ክፍል በሚሠሩበት ቀን እንኳ አልቀሩም። ግንቦት ገብቶ ወይዘሮ ወሰንየለሽ በሰላም ከወጡ በኋላም፣ ባልና ሚስቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደዚያው መስኮት ይሄዱ ነበር፤ ወሰንየለሽ አሮጊቷ ቅር እንዳይላቸው ከዛፉ ጀርባ ቆመው ይጠብቃሉ። "በባሌ መጣችብኝ እንዳትል ነው" እያሉ ይስቁ ነበር። ሚስ ሎይስ በሰኔ ወር ዐረፉ፤ ባርኔጣውም እስከ መጨረሻው ሳምንት አልተቋረጠባቸውም። ሽማግሌ ቶሎሳ ከዚያ በኋላ ስለ ፍቅር ሲያስተምሩ ማዕረጉን ተዉት። "እኔ ለሚስቴ ብዬ ሄድሁ፤ የማላውቃትን አሮጊት ግን እዚያው ወደድኋት፤ ትልቁ ፍቅር በዘበኛው በር ገባ" ብቻ ይሉ ነበር።

የዚያ ዘመን ታሪክ የቍጥር ታሪክ ነው፤ ስንቱ ታመመ፣ ስንቱ ሞተ፣ ስንት ቀን ተዘጋ ይላል። በመጦሪያው ግድግዳ ላይ በውስጥ ያደሩት የስምንቱ ሠራተኞች ስም ተቀርጾ ይታያል፤ ይህም ይገባቸዋል። ስለዚያ ሣርና ስለዚያ ባርኔጣ የጻፈ ግን የለም። በሚስ ሎይስ ማኅደር፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ድረስ፣ በየቀኑ "ጠያቂ" በሚለው ቃል አንጻር፣ "የለም" ተብሎ ተጽፏል።