በዳኑብ በር የተጠየቀው ስብሐት

ከጌታ ልደት በኋላ በ፬፻፷፰ ዓመት፣ በጥር ወር፣ የዳኑብ ወንዝ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሆነ፤ ሮማውያን አጥራችን ብለው ይመኩበት የነበረው ውሃ ከማዶ ለሚኖሩት ጠላቶቻቸው ለሩጊዎች መንገድ ሆነላቸው። በኖሪኩም ግዛት ጠረፍ የነበረው ምሽግም የቀሩትን ጥቂት ወታደሮች ይዞ በሩን ዘጋ።

የበሩ አዛዥ የመቶ አለቃ ኡርሲኪኑስ ግንቡ ላይ ቆሞ ያዳምጣል፤ ጭጋጉ የክንድ ያህል እንኳ አያሳይም። አንድ ልጁ ሉፑስ ማለዳ ማገዶ ሊቆርጥ ወጥቶ አልተመለሰም።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ለተኩላ ሰጥተህ እዚህ ትገተራለህ?» አለች ሚስቱ ማውራ ከደረጃው ሥር።

«ዊልያሪት አብሮት አለ።»

«እሱስ ሩጊ አይደል? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ!»

«ትውልዱ ከእነሱ ነው፤ መሐላው ከእኛ። እንደሱ ያለ ወታደር የለኝም።»

ወዲያው በሩ ተደበደበ። «ክፈቱ! እኛ ነን! ደረሱብን!» አለ አንድ የሰለለ ድምፅ።

በሮማውያን ቋንቋ፣ በሮማይስጥ ነው፤ ነገር ግን ሩጊዎችም ሮማይስጥ ከገበያ ለምደዋል፤ አምና በዚሁ ዘዴ የጎረቤቱን ምሽግ አስከፍተው ሰዉን ፈጅተውታል። ኡርሲኪኑስ አንድ መለያ ያውቅ ነበር። ሩጊዎች ክርስቲያኖች ቢሆኑም ወልድን ከአብ የሚያሳንሱ የአርዮስ ወገን ናቸውና በስብሐት ጸሎታቸው «ለአብ ወወልድ» አይሉም፤ «ለአብ በወልድ» ይላሉ እንጂ።

«ስብሐት በል!» ብሎ ጮኸ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ቆስለናል! የምን ስብሐት ነው?»

«በል አልኩህ!»

ድምፁም «ስብሐት ለአብ... በወልድ...» አለ።

«ክፈት! ልጄ ነው ክፈት!» አለች ማውራ።

ኡርሲኪኑስ እጁን አወረደ፤ ግንቡ ላይ የነበሩት ቀስተኞችም ፍላጻቸውን ለቀቁ።

ቀትር ላይ ጭጋጉ ሲገፈፍ ዊልያሪት በሩ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ታየ፤ ጉሮሮው ቆስሎ መናገር ያልቻለውን ሉፑስን በጀርባው አዝሎ ነበር። ፍላጻው ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍቷቸዋል። ሰው ሲጨንቀው እናቱ እንዳስተማረችው ነው የሚጸልየው፤ የዊልያሪት እናት ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነበረች።

«እኛ ነን አላለህም?» አለች ማውራ።

የዚያ ዘመን ጸሐፊ ስለዚያ ክረምት «በሩ ለመናፍቃን አልተከፈተም» ብሎ ጽፏል፤ ቃሉም ሐሰት አይደለም። ኡርሲኪኑስ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ በቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ «ለአብ» ሲል አብሮ ይል፣ «ወወልድ» ሲል ዝም ይል ነበር።