ሥር አልባዋ ዋርካ

ሸምሲያና አብዱልባሲጥ የተዋወቁት ከፒያሳ ወደ ቀሐ በሚወርድ ባጃጅ ውስጥ ነው። እሱ ሳህን ላይ የበቀለች፣ ክንድ የማትሞላ ዋርካ ታቅፎ ነበር። ባጃጁ ሲያንገጫግጫቸው «እባክሽ ያዥልኝ» አላት። በቅጠሉ መሐል ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ከዚያ ወዲያ ልቧ አልተመለሰላትም።

አብዱልባሲጥ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት ያስተምራል። ትርፍ ጊዜውን ዋርካ ሥሩን እየቆረጠ በድንክነት ሲያሳድግ ያጠፋዋል። አስተማሪም ቢሆን ግን የሸማኔ ልጅ ነው፤ የሸምሲያ አባት ሐጂ ዐብደላ ደግሞ ስማቸው የገነነ የጨርቅ ነጋዴ። ሽማግሌ ሲላክባቸው ፊት ለፊት እንቢ ማለት ከበዳቸውና አሽሟጠጡ።

«ቆርጦ ማኖር ያውቃል አሉ። እስቲ ያቺን ዛፉን ሥሯን ሙልጭ አድርጎ ይቁረጣት። እስከ ዒድ ካቆጠቆጠች ልጄን ይውሰድ፤ ከሞተች ደጄን አይርገጥ።»

አብዱልባሲጥ እሺ ብሎ ቃል ገባ፤ ዛፏን አምጥቶ በሽማግሎቹ ፊት ሥሯን አንድ ሳያስቀር ገዘገዘው። ነጭ ወተቷ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ከመጋረጃ ጀርባ የምታየው ሸምሲያ የራሷ ገላ የተቆረጠ ያህል አመማት። ሲወጣ ለሐጂ በጆሯቸው የነገራቸውን አልሰማችም። ሽማግሌ ከተላከ ወዲያ ልጅቷን ማነጋገር ነውር ነውና ለእሷ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ዛፏ ሐጂ ግቢ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ሸምሲያ ማለዳ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሹልክ እያለች ውኃ ታጠጣታለች። ስትጠወልግ ጊዜ ደግሞ ጨምራ አጠጣቻት። ምን ታድርግ፣ ወዳዋለች።

ከዒድ በኋላ ሽማግሎቹ ሲመጡ ዛፏ ቅጠሏን አራግፋለች። አብዱልባሲጥ ግንዷን ቢነካው ልጡ በጣቱ ተላጠ፤ በስብሷል። ማን እንዳጠጣት ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለች ሸምሲያ ከመጋረጃው ጀርባ።

አብዱልባሲጥ ቃል ገብቷልና ተነሥቶ ወጣ።

ሰዉ ሲበተን አባቷን ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ያን ዕለት ምን ነበር የነገረዎት?»

«ውኃ አታብዙባት። ሥር ከሌላት ትበሰብሳለች አለኝ።»

«ሳጠጣት አይተውኝ ነበር?»

«ማለዳ ማለዳ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«እኔ ብከለክልሽ ዕድሜ ልክሽን ትረግሚኝ ነበር» አሉ ሐጂ። «የገዛ እጅሽ ይከልክልሽ ብዬ ነው።»

በዚያው ዓመት ለአዲ አርቃይ ነጋዴ ዳሯት። በሰርጉ ዋዜማ ሴቶቹ ሂና በጥብጠው እጅሽን ስጪን ቢሏት፣ ሸምሲያ አልዘረጋችላቸውም።