ከራይጋድ የተደወለው ስልክ

መጀመሪያ ያየሁት ቤቴል፣ አንዲት ካፌ ውስጥ ነው። ማኪያቶዬን ይዤ ዞር ስል ክርኑን ነካሁትና ጠረጴዛው ላይ የዘረጋው ካርታ ላይ ደፋሁበት።

«ውይ! ይቅርታ!»

«ችግር የለም» አለ እየሳቀ። «ባሕሩ ላይ ነው የፈሰሰው።»

ኤልናታን ይባላል፤ የታሪክ ተመራማሪ ነው። ካርታው በህንድ ምዕራብ ጠረፍ ያለውን የራይጋድ አውራጃ ያሳያል። እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ይቺ ደሴትስ?»

«ጃንጅራ። ባሕር መሃል ያለች ምሽግ ናት። ሐበሾች ገዝተዋታል፤ ሲዲ ይሏቸዋል። በባርነት የተወሰዱ አሉ፣ መርከበኞችና ወታደሮችም አሉ። ዘሮቻቸው እስከ ህንድ ነጻነት ድረስ ነገሡባት።»

ሲያወራ ዓይኑ ያበራል። እኔም ሰበብ እየፈለግኩ እዚያ ካፌ መመላለስ ጀመርኩ... ተዋደድን።

በዓመቱ ለጥናቱ ራይጋድ ሄደ። ሲደውል ስለ ኮኮናቱ፣ ከባሕር የሚመጣውን ደመና አግዶ ዝናብ ስለሚያወርደው ተራራ ያወራኛል። ስለ እኛ ግን ምንም! አንድ ቀን «ክረምቱ እስኪያልፍ ልቆይ ነው» ሲለኝ ፈነዳሁ።

«ባሕሩ ከኔ ከበለጠብህ እዚያው ቅር!»

«ሌሊሴ፣ ስሚኝማ...»

ዘጋሁበት።

ከዚያ በኋላ አልደወለም። እልኬ ሲበርድ ስደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። ተወኝ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ዜናው መጣ። በተጣላን ማግስት ራይጋድን ማዕበል መትቶታል። መንገዱ ተዘግቷል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ያልተመለሱ ጀልባዎች አሉ።

እግሬ ሳንሱሲ፣ እናቱ ቤት ወሰደኝ። እትዬ አልማዜን አግኝቻቸው አላውቅም ነበር። በሩን ከፍተው አዩኝ።

«ሌሊሴ ነሽ አይደል?»

«እንዴት አወቁኝ?»

«ስላንቺ ያላወራኝ ቀን አለ እንዴ! ግቢ ልጄ።»

«ክፉ ቃል ተናግሬው ነው የተለያየነው... እዚያው ቅር አልኩት!»

«ተይ! ማዕበሉን አንቺ አላመጣሽው» አሉና እጄን ያዙኝ። «የሚቆየው እኮ ሥራውን ባንዴ ጨርሶ ሊጠቀልል ነው። ሲመለስ ሽማግሌ ሊልክብሽ! አልነገረሽም?»

«ሊነግረኝ ነበር... አልሰማሁትም።»

እዚያው አደርኩ። እሳቸው ሲጸልዩ እኔ አሜን እላለሁ። በማግስቱ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው የህንድ ቁጥር ነው።

«ሌሊሴ...»

ድምፁ!

«አለሁ። ደህና ነኝ። አንድ የሲዲ ቤተሰብ ነው ያስጠጋኝ። ስልኬ ውሃ ገብቶበታል፤ ኔትወርክ የመጣው ገና አሁን ነው።»

«ኤልና... ያን ቀን ያልኩህን...»

«እሱን ተዪው። ታገቢኛለሽ?»

«አዎ! አዎ አልኩህ!»

እትዬ አልማዜ ስልኩን እስክሰጣቸው እንኳ አልጠበቁም፤ እልልታውን አቀለጡት። ጎረቤቱ ምን ተገኘ ብሎ ወጣ።

ኅዳር ላይ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ቤታችን ሲመጡ አባቴ ፊቱን አጨፍግጎ ጠበቃቸው።

«ልጄን ባሕር ማዶ ሊወስድብኝ ነው?»

«ኧረ ኦቦ ያደሳ! እዚሁ ቤቴል ቤት ተከራይቷል» አሉ አንደኛው።

አባቴ ሳቁ አመለጠው። «ታዲያ ይሄን አስቀድማችሁ አትናገሩም!»

በጥር ተጋባን። የሠርጉ ሁካታ አልቆ እንግዳው ሲሸኝ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ትከሻው ላይ ጋደም አልኩ። ትንፋሹን እያዳመጥኩ... ለወራት የራቀኝን እንቅልፍ ተኛሁ።