ጥፍር የምታህል ነጭ

«ፈረሷስ?» አለ ታናሽ ወንድሟ።

ቀልቃሊት ብሩሽ እያጠበች ነበር። «የምን ፈረስ?»

ወንድሟ የአክስታቸውን የንድፍ ደብተር ከፍቶ አሳያት። በእርሳስ የተነደፈው አክስታቸው በቀለም የሣለችው ያው እርሻ ነው፦ ሰፊው ቤት፣ የዛፎቹ ረድፍ፣ የታረሰው መሬት። ከግጦሹ መሐል ግን አንዲት ፈረስ ቆማለች። አጠገቧ በአክስታቸው ጽሕፈት «ነጭ ናት፤ ወረቀቱ ሳይቀባ ይተው» ይላል።

ቀልቃሊት ጠረጴዛው ላይ ወደተዘረጋው ሥዕል ዞረች። ግጦሹ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። ከአምስት ደቂቃ በፊት መሐሉ ላይ ጥፍር የምታህል ያልተቀባች ቦታ ነበረች። አክስቷ የዘነጋቻት መስሏት፣ ላግዛት ብላ፣ ያውም ቀለሙን በደንብ አመሳስላ ሞልታታለች። ለካ ያቺ ቦታ ፈረሷ ነበረች።

«ቀልቃሊት» የሚለውን ስም ያወጣችላት አክስቷ ናት፤ እጇ ሐሳቧን ስለሚቀድም።

ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብላ ስትሥል አይታታለች። አክስቷ ወረቀቱን በሰፊ ብሩሽ ውሃ ታጠጣውና ሰማያዊ ቀለም ጠብ ታደርግበታለች። ሰሌዳውን ዘንበል ስታደርገው ቀለሙ በራሱ ጊዜ እየተንሸራተተ ሰማይ ይሆናል። ደረቅ ባለ ብሩሽ አንዴ ጫር ስታደርግ ደግሞ ትልሙ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ አፈሩ የሚሸት ይመስላል። ቀልቃሊት እንዲህ ያለ እጅ የትም አይታ አታውቅም። ነጭ ቀለም ግን አክስቷ አትነካም። «በውሃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው» ትላለች። ቀልቃሊት ይህን መቶ ጊዜ ሰምታለች። ዛሬ ምን ነክቷት ነው?

ስልኩ ጮኸ።

«የኔ ቆንጆ፣ ሥዕሉ ደረቀ?» አለች አክስቷ። «ከእርሻው ባለቤት ጋር እየመጣን ነው። ጋሼ ፈረሷን ለማየት ቸኩለዋል። ባለፈው ሳምንት ሞታባቸዋለች እኮ! አሁን ያለቻቸው ሥዕሉ ላይ ያለችው ብቻ ናት።»

«ደ... ደርቋል» አለች ቀልቃሊት።

«አቦ አትጨናነቂ!» አለ ወንድሟ ስልኩ እንደተዘጋ። «መሳቢያው ውስጥ አክስቴ የማትነካው ነጭ ቀለም አለ አይደል? ከላይ ጠብ ማድረግ ነው። ማን ያውቃል?»

ቀልቃሊት ቁራጭ ወረቀት አረንጓዴ ቀብታ፣ በላዩ በነጩ ቀለም ፈረስ ሞከረች። እውነቱን ለመናገር አላስጠላም። እግር አላት፣ አንገት አላት፤ ፈረስ ናት።

«አሪፍ!» አለ ወንድሟ። «ሽማግሌው በደስታ ነው የሚያብዱት።»

ሳያብዱም አይቀሩም። ለአክስቷ ከነገረቻት ግን የቅዳሜው ነገር አለቀለት። ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ወረቀትና ብሩሽ ይዛ ከአክስቷ ጋር እርሻው ድረስ ልትሄድ ነበር። ወር ሙሉ ስታልመው የከረመችው ነገር ነው።

ቁራጩን ከሥዕሉ ጎን አስቀመጠችው። ሥዕሉ ላይ ያሉት ደመናዎች ያልተቀባ ወረቀት ናቸው፤ ግን ብርሃን አላቸው። የእሷ ፈረስ በኖራ የተለሰነች ትመስላለች። ቀልቃሊት አሁን ነው ትዝ ያላት፤ የአክስቷ ብሩሽ ግጦሹ መሐል ሲደርስ ሁልጊዜ ቀስ ይል ነበር። አክስቷ ትንፋሿን ውጣ ያቺን ቦታ ትዞራት ነበር። ሦስቱንም ቀን።

ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ፤ ከኮቴው ኋላ የምርኩዝ ድምፅ።

«ቶሎ በይ እንጂ!» አለ ወንድሟ በሹክሹክታ።

ቀልቃሊት ነጩን ቀለም ከደነችው። መሳቢያው ውስጥ መልሳ ዘጋችበት። ከዚያ ሄዳ በሩን ከፈተች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ገና ከደጅ ሆነው ከትከሻዋ በላይ አሻግረው ወደ ውስጥ ያያሉ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እዚህ ወንበር ላይ ትንሽ ይረፉ» አለች። ከዚያ ከጎናቸው የቆመችውን የአክስቷን እጅ ያዘች። «አክስቴ፣ መጀመሪያ አንቺ ብቻ ነይ። ያበላሸሁትን ላሳይሽ።»