የቀንዱ ቁልፍ

«እንዳትረግጡት፤ የቀሚሴ ቁልፍ ወድቋል» አለች ጦቢያ ዴስኩ ሥር እየገባች።

የክፍሉ ሴቶች ሁሉ አጎነበሱ። ነገ የወላጆች ቀን ነው፤ መድረክ የምትመራው ጦቢያ ስለሆነች የነገውን ቀሚስ ለልምምድ ለብሳው መጥታለች። ከቀሚሱ ፊት ለፊት ከተደረደሩት የበሬ ቀንድ ቁልፎች የደረቱ የለም፤ ክሩ ብቻ ተንጠልጥሏል።

«ለዲዛይነሯ ደውዪላታ» አለቻት ራሄል። «ራሷ ለክታ ሰፋችልኝ ብለሽን አልነበር?»

«አዎ፣ ማለቴ... አሁን ውጭ አገር ናት።»

ሐሴት ግን እውነቱን ታውቃለች። ከጦቢያ ጋር ጎረቤትም ጓደኛም ናቸው፤ ያው ቀሚስ እሷም ቤት ተሰቅሏል። ዲዛይነር አምሳለ፣ ኦሎምፒያ ሰፈር ካለ ትልቅ የልብስ መደብር ጋር ሆና ለብዙ ሰው በርካሽ ያወጣችው ነው። የሐሴት እናት የሺሃረግ ከቅዳሴ ወጥታ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ተሰልፋ ነው የገዛችላት። «እግዜር ይስጣት፣ እኛንም አሰበችን» እያለች ነበር ይዛው የገባችው።

«አንገቱ ሥር ያለው ማርካ ላይ ትርፍ ቁልፍ አለልሽ እኮ» አለች ሐሴት ሳታስበው።

ጦቢያ ማጅራቷን በእጇ ሸፈነች። ሐሴት ግን አይታዋለች፤ ማርካው ተቆርጧል። የመደብሩ ስም ከአምሳለ ስም ሥር ስለተጻፈበት ቆርጣ ስትጥለው ትርፉ ቁልፍም አብሮ ሄዷል።

የወደቀው ቁልፍ ተፈልጎ ጠፋ።

ማታ የሺሃረግ የሐሴትን ቀሚስ እየተኮሰች ነበር። «ነገ በዚህ ፎቶ ትነሻለሽ» አለቻት።

«እማ፣ ሌላ ብለብስስ?»

«ምን ሆነና?» የሺሃረግ ካውያውን አቆመች። ቅር ብሏታል።

ሐሴት ያንን ከለበሰች የጦቢያ ውሸት በሰው ሁሉ ፊት ይጋለጣል። መቀስ አንሥታ ማርካው ላይ ያለውን ትርፍ ቁልፍ ፈታችው።

«ደግሞ ለምን ትነቅዪዋለሽ?»

«የጦቢያ ጠፍቶባት ነው።»

«ውይ፣ እናቷ እንዴት ደክማ ያገኘችውን። ሰልፉ ላይ ከኋላዬ ነበረች እኮ፤ እግሯን እያመማት።»

ሐሴት ይህን አላወቀችም ነበር። ጃኬቷን ደርባ ወደ ጦቢያ ቤት ሄደች።

ጦቢያ በሩን ገርበብ አድርጋ ቁልፉን ተቀበለቻት። አገላብጣ አየችው።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከራሴ ቀሚስ። ነገ ለብሼው ነው የምመጣው። ድንገት እንዳይሆንብሽ ብዬ ነው የነገርኩሽ።»

«እየሳቁ ይፎግሩኛላ።»

«ይፎግሩን ይሆናል። ጎንሽ እቆማለሁ።» ሐሴት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እናትሽ እግሯን እያመማት ነው አሉ የተሰለፈችው። ነገ አንዷ እናትሽን ‹ማን ሰፋላት› ብላ ብትጠይቃትስ?»

ጦቢያ ወደ ውስጥ ዞር አለች። እናቷ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ዜና ታያለች። ጦቢያ ቁልፉን ጨበጠችው።

«ጠዋት ለራሄል እውነቱን ራሴ እነግራታለሁ» አለች። «መርፌ ይዘሻል?»

ሐሴት ጥቁር ክር የተጠመጠመበትን መርፌ ከጃኬቷ ኪስ አወጣች።